ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው የድሮ የስፖርት ካርዶች፦ ከአዲስ አበባ ሆነን የቱን እንጀምር?

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቦታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማገኘው አንድ ወጣት አለ። ኳስ ይወዳል፤ ሩጫ ግን ነፍሱ ነው። ሰሞኑን "ጋሼ፣ የድሮ የስፖርት ካርድ መሰብሰብ ልጀምር ነው። የቱን ልያዝ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩ ላይ የአሜሪካ ቤዝቦል ካርዶች ጨረታ ከፍቷል፤ የተጫዋች ስዕል ታትሞባቸው ሰው የሚሰበስባቸው ትንንሽ ካርዶች ናቸው።

ቆመን የሚያልቅ ወሬ አልነበረም። አንድ ማኪያቶ ጠጣን፣ ደገምንም። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሰዎችም ያንኑ ጥያቄ ስላነሱልኝ የማውቀውን ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የሰብሳቢዎች ካታሎግ የሚሄደው በዚያ ስለሆነ። የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ስሙ የገነነው ይቆያችሁ

ቶፕስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1952 ያወጣው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ፣ አንዱ ፍሬ ብቻ፣ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት ከ1909 እስከ 1911 በሲጋራ ፓኬት ውስጥ ይወጣ ከነበረው ስብስብ የሌላው ቤዝቦል ተጫዋች፣ የሆነስ ዋግነር፣ አንድ ካርድ 7.25 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ወጣቱ ስልኩ ላይ የሚያየው የእነዚህን የሩቅ ዘመዶች ነው።

የካርድ ገበያው እምብርት አሜሪካ ነው። አሜሪካ ደግሞ መጀመሪያ ቤዝቦል ታያለች። ቀጥሎ ቅርጫት ኳስና የራሷን ፉትቦል። አትሌቲክስ ካርቶኑ ሥር የሚቀር ነገር ነው። ሻጩ ራሱ አንዳንዴ የሯጩን ስም በትክክል አይጽፈውም። እኛ ደግሞ ዓለም ያወቀን በሩጫ ነው። እነሱ ንቀው ያለፉት ካርቶን ሥር የእኛ ሰው ተቀምጧል። እኔ ለአዲስ አበባ ሰብሳቢ ከሁሉ የሚበልጥ ዕድል ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የማወዳድራቸውን ስብስቦችም የምለካቸው በዚህ ነው።

የተናቀ ሁሉ ተንቆ እንደማይቀር አውቃለሁ። በ1958 ስዊድን ዓለም ዋንጫን ባዘጋጀችበት ዓመት አሊፋቦላጌት የሚባል የዚያው አገር ድርጅት የስፖርተኞች ካርድ ያትም ነበር። ቁጥር 635 የ17 ዓመቱ ፔሌ ነው። ከእነዚያ አንዱ በ2022 ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። እንዲህ ያለውን ቀድሞ ማንም አያውቀውም። ስለዚህ ነገ ይወደድልኛል ብላችሁ ሳይሆን ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ለማየት የምትጓጉለትን ያዙ።

ስብስብ ስመርጥ ራሴን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ልጨርሰው እችላለሁ? ኦሪጅናል መሆኑን በራሴ ዓይን ለይቼ ማወቅ እችላለሁ? አዲስ አበባ ድረስ እንዴት ይመጣል? ሦስተኛው ለአሜሪካኖቹ ጥያቄም አይደለም። ለእኛ ግን ግማሹ ውሳኔ እሱ ነው።

ከቤት እንጀምር፦ የእኛው ቴምብር

ቴምብር ካርድ አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን በተከታታይ ይወጣል፤ ስዕል አለው፤ ካታሎግ ላይ ቁጥር አለው፤ የጎደለውን እየፈለጉ መሙላት ይቻላል። በዚያ ላይ ሌሎቹ አማራጮች ሁሉ ፈረንጅ ስለ ስፖርት ያተማቸው ናቸው። ይሄ ግን እኛው ስለ ራሳችን ያተምነው ነው።

የኢትዮጵያ ቴምብር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 ነው የተጀመረው። የታተመውም ፓሪስ ነበር። የስፖርት ሰብሳቢው ዓይን የሚያርፈው ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ባለው ላይ ነው።

3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ፍጻሜው ጥር 13 ነበር። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀኑ ነው። ታቦት የሸኘ ሕዝብ ወደ ስታዲየም ገባ። ኢትዮጵያ በጊዜው የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ለዚያ ውድድር የወጣው ቴምብር ዛሬም ይገኛል። ካታሎጉ ላይ የምታገኙት በ1962 ሥር ነው። እዚህ ያለው ሻጭ ግን "የ54ቱ" ይላችኋል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ካላወቃችሁ ወይ ያላችሁን ደግማችሁ ትገዛላችሁ፣ ወይ የፈለጋችሁትን አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ደግሜ ገዝቻለሁ።

ከዚያ በኋላ የ1964ቱ ቶኪዮ ኦሎምፒክ አለ። የ1968ቱ ሜክሲኮ፣ የ1972ቱ ሙኒክ አለ። በ1976 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያስተናገዱት 10ኛው የአፍሪካ ዋንጫም አለ። እነዚህን ብቻ ብትይዙ አንድ ቀጭን አልበም ይበቃችኋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሚያልቅ ስብስብ ነው። ስንቱ ሰው ጀምሮ የሚተወው ማለቂያ የሌለው ነገር ውስጥ ስለሚገባ ነው።

መጀመሪያ ግን ግዢ አይደለም። ዋናው ፖስታ ቤት ጋ ወዳለው የፖስታ ሙዚየም ሂዱና ኦሪጅናሉን አይታችሁ ተመለሱ። ቀለሙን ዓይናችሁ ይልመደው። ከዚያ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ገብታችሁ ጠይቁ። አንዳንዶቹ ከድሮ ሳንቲምና ከብር መስቀል ጋር ቴምብርም ይይዛሉ። ስትገዙ የቴምብሩን የጠርዝ ጥርስ ቁጠሩ፤ አንድ የጎደለ ጥርስ ዋጋውን ይጥለዋል። ጀርባውን ገልብጡ። ማኅተም ያልተመታበት ቴምብር ከሆነ ሙጫው እንዳለ መሆን አለበት። ማኅተም የተመታበት ከሆነ ደግሞ ማኅተሙ ስዕሉን እንዳልሸፈነው እዩ። እኔ በበኩሌ ደህና አድርጎ የተመታ የአዲስ አበባ ማኅተም ያለበትን ከንጹሑ አስበልጣለሁ። ያ ቴምብር ሥራውን ሠርቷል። አንድ ሰው ደብዳቤ ልኮበታል።

ገንዘቡ አነስ ካለና ብዙ ስዕል ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ጓዳም አለ። እስከ 1972 ድረስ አጅማን፣ ፉጃይራ፣ ራስ አል ኸይማና ሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው ትናንሽ ኤምሬቶች የኦሎምፒክና የኳስ ቴምብር በገፍ ያሳትሙ ነበር። ለደብዳቤ ሳይሆን ለሰብሳቢ የታተመ ነው በሚል የአሜሪካው ስኮት ካታሎግ ብዙዎቹን አይዘረዝራቸውም። ከዚህ በላይ የተናቀ የስፖርት ስዕል አላውቅም። ቀለማቸው ግን ደማቅ ነው፤ ዋጋቸውም አይከብድም። ለልጅ ስጦታ ከሆነ ዓይኔን ሳላሽ እገዛዋለሁ።

ስፖርትካስተር፦ የአበበ ቤት

አሁን ወደምወደው ደረስኩ። እዚህ ላይ ብረዝም አትፍረዱብኝ።

ስፖርትካስተር ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ ያለው ኤዲሲዮን ራንኮንትር የተባለ አሳታሚ ያወጣው ነው። ከ1977 እስከ 1979 ባሉት ዓመታት። ማስቲካ ውስጥ የሚወጣ፣ ሲጋራ ውስጥ የሚወጣ አልነበረም። ሰው ይመዘገባል፤ በፖስታ ቤቱ ይመጣለታል፤ በየጊዜው 24 ካርድ። የአሜሪካው እትም ብቻ ከ2,000 በላይ ካርድ አለው። አንዱ ካርድ ቁመቱ 16፣ ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የተዘረጋ እጅ ያህል ነው። ፊቱ ሙሉ ባለቀለም ፎቶ፣ ጀርባው ጽሑፍ። እንደ ኢንሳይክሎፒዲያ ነው የታሰበው። ስለዚህ ቤዝቦል ብቻ አይደለም፤ ብስክሌት፣ ጁዶ፣ ተራራ መውጣት፣ የፈረስ ዝላይ ሁሉም አለ። አትሌቲክስም አለ።

አበበ ቢቂላ እዚያ ውስጥ የራሱ ካርድ አለው።

የአሜሪካ ሰብሳቢ ከስፖርትካስተር የሚፈልገው አንድ ሁለት ካርድ ነው። ዋናው 77ኛው ዙር ላይ ያለው የሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትስኪ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ተመዝግቦ መሀል ላይ አቋረጠ። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ዙሮች በጥቂት ሰው ቤት ብቻ ገቡ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ግን በየቤቱ አሉ። ሻጩ ግሬትስኪን ነቅሎ ይሸጥና የቀረውን እንደ ጥራጊ በጅምላ ያወጣዋል። እናንተ የምትጠብቁት ያን ጥራጊ ነው።

ስለ አበበ አንድ ነገር ልጨምር። ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16.2 ሮጦ ያሸነፈው መስከረም 10 ቀን 1960 ነው ይላል ፈረንጁ። ያ ቀን በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የዘመን መለወጫ ዋዜማ። እዚህ ሰው ችቦና እንግጫ በሚያዘጋጅበት ምሽት እዚያ አበበ ሮም ጎዳና ላይ ነበር። ይሄን የሚያውቅ የካርድ ጀርባ አላየሁም። የእኛ ሰው ሰብሳቢ ሲሆን ካርዱ ላይ የሚጨምረው ነገር እንዲህ ያለው ነው። እኔ በትንሽ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፌ ከካርዱ ኋላ አስገብቼዋለሁ።

ምሩጽ ይፍጠርንስ? ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ዓመቱን ልብ በሉ። ምሩጽ በሞስኮ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣው በ1980 ነው። ስፖርትካስተር ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው። በ1976 ደግሞ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ወጥታለች። በ1984 ሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ሴኡል አልሄደችም። ስለዚህ ለእነዚህ ሦስት ኦሎምፒኮች በወጡ ካርዶች ውስጥ የእኛን ሰው እየፈለጋችሁ ጊዜ አታጥፉ። የሌለንበትን ዓመት ማወቅ ገንዘብ ያተርፋል።

ጉድለቱንም ልናገር። አንደኛ፣ ሙሉውን መጨረስ ከባድ ነው። እኔ አትሌቲክሱን ብቻ ነው የያዝኩት፤ ለዚህ አልተጸጸትኩም። ሁለተኛ፣ በብዙ ቋንቋ ነው የወጣው። የፈረንሳይኛው፣ የጀርመንኛው፣ የጣሊያንኛው፣ የፊንላንዱም አለ። የእንግሊዝኛ ፈልጋችሁ የፊንላንድ እንዳይመጣባችሁ የጀርባውን ፎቶ ሳታዩ አትክፈሉ። ሦስተኛው ክብደቱ ነው። ካርዶቹ ትልልቅ ናቸው፤ በፕላስቲክ ሣጥን ነው የሚቀመጡት። ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ መድኃኒት፣ ጫማና የሕፃን ልብስ አለበት። እሱን አራት ሣጥን ካርድ አምጣልኝ ማለት አይቻልም። አሥር ካርድ ግን በሁለት ካርቶን መሀል አድርጎ መጽሐፍ ውስጥ ያመጣዋል።

ፓኒኒ፦ ሁሉም ያውቀዋል፣ ድሮውን ግን ማን አየው?

ፓኒኒን፣ የኳስ ተጫዋቾችን ስቲከርና መለጠፊያ አልበም የሚያወጣውን፣ የማያውቅ የኳስ ወዳጅ የለም። ታዲያ እንዴት የተረሳ ሆነ? የዓለም ዋንጫዎቹን አልበሞች ብቻ ስለምናውቅ ነው።

የፓኒኒ ወንድማማቾች ሥራውን ጣሊያን ሞዴና ውስጥ በ1961 ጀመሩ። መጀመሪያ ያወጡት የጣሊያንን ሊግ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ አልበማቸው የ1970ው ሜክሲኮ ነው። ያ አልበም በጣም ውድ ሆኗል። ከእሱ ጎን ግን ማንም የማይጋፋበት ሌላ መደርደሪያ አለ። ከ1966 ጀምሮ የወጣው ካምፒዮኒ ዴሎ ስፖርት የሚባል ተከታታይ አልበም አለ፤ የስፖርት ጀግኖች እንደ ማለት ነው። አትሌት፣ ቦክሰኛ፣ ብስክሌተኛ በአንድ ላይ ይዟል። በ1972 ደግሞ ከ1896 ጀምሮ ያለውን የኦሎምፒክ ታሪክ የያዘ አልበም ወጣ። አበበንና ማሞ ወልዴን ፍለጋ መጀመሪያ የማገላብጠው እነዚህን ነው።

በ1970ው አልበም ላይም ቢሆን ለእኛ የሚናገር ገጽ አለ። የሞሮኮ ገጽ። በ1966 የአፍሪካ አገሮች ከዓለም ዋንጫው ራሳቸውን ያገለሉት ለአፍሪካ አንድ የተረጋገጠ ቦታ እንኳ ስላልተሰጠ ነበር። ያንን ትግል ከፊት ሆነው ከመሩት አንዱ የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር። ቦታው ተሰጠ፤ በ1970 ሞሮኮ ገባች። ሙሉውን አልበም መግዛት ባትችሉ የሞሮኮን ተጫዋቾች ብቻ አንድ በአንድ መልቀም ይቻላል። እኔ ያንን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ አላለቀልኝም።

የ1980ዎቹን አልበሞች ያየ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ትንሽ ናቸው ተብለው ለታሰቡ ቡድኖች በአንድ ስቲከር ላይ ሁለት ተጫዋች ይታተምላቸው ነበር። ብራዚል ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስቲከር፤ ሌላው በግማሽ። ይሄን ሳይ ይከፋኛል። ግን ታሪክ ነው፤ መያዝ አለበት።

ፓኒኒ ለመግዛት ሁለት መንገድ አለ። ተለጥፎ ያለቀ አልበም ወይም ያልተለጠፈ ነጠላ። አልበሙ ለዓይን ደስ ይላል፤ በአንድ ግዢም ያልቃል። ችግሩ የድሮዎቹ በሙጫ የተለጠፉ ናቸው። ከአልበም ላይ ተልጦ የወጣ ነጠላ ጀርባው ይቀደዳል፤ ሻጩ ግን ፊቱን ብቻ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል። ነጠላ ከሆነ የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ። እምቢ ካለ ተዉት።

የሲጋራና የሻይ ካርድ

የእንግሊዝ የሲጋራ ካርዶችን በአጭሩ ልለፋቸው፤ በእኔ ሚዛን ብዙ የእኛ ነገር የለባቸውም። ጆን ፕሌየር፣ ዊልስ፣ ቸርችማን፣ ጋላሃር የተባሉት ኩባንያዎች በየፓኬቱ ካርድ ያስገቡ ነበር። እስከ 1940 ድረስ ማለት ነው፤ በጦርነቱ ወረቀት ስለጠፋ ቆመ። አንዱ ስብስብ ብዙውን ጊዜ 50 ነው። ካርዱ 36 በ68 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 50ውም ተደራርቦ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይገባል። ስለ ማጓጓዝ ከተነሳ ይሄን የሚያህል የለም፤ በተራ ፖስታ ተልኮ ፖስታ ሣጥናችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ። የኳስ፣ የክሪኬት፣ የቴኒስ ስብስቦች አሉ። ዋጋቸውም ብዙ አያስፈራም።

ፎርጅዱ ግን ብዙ ነው። ፎርጅድ ማለቱም ተገቢ ላይሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ በሕጋዊ መንገድ እንደገና የታተሙ ናቸው። ክፉው እነሱን እንደ ድሮ አድርጎ የሚሸጠው ሰው ነው። እኔ አንድ የኳስ ስብስብ ከውጭ በዘመድ እጅ አስመጥቼ ነበር። ሻጩ የ1930ዎቹ ነው ብሎኛል። ፖስታውን ስከፍት ወረቀቱ ነጭ፣ ጠርዙ ስለት። የዘጠና ዓመት ወረቀት እንዲህ አይነጣም። በማጉያ ሳየው ቀለሙ እንደ መጽሔት ፎቶ በደቃቅ ነጠብጣብ የተሠራ ነው። ጀርባው ታች ላይ ደግሞ እንደገና የታተመ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ በጣም በትንሹ አለ። ገንዘቡ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የሰዓት ሠሪ ማጉያ ከኪሴ አይለይም። እናንተም ከካርዱ በፊት ማጉያውን ግዙ።

የጀርመኑ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ሲጋራ ፓኬት ውስጥ የሚገኘውን ኩፖን አጠራቅሞ በስዕል የሚለውጥበት አሠራር ነበር። ስዕሉ የሚለጠፍበት ትልቅ አልበምም ለብቻው ይሸጣል። የ1932ቱ ሎስ አንጀለስና የ1936ቱ በርሊን ኦሎምፒክ አልበሞች እንዲህ የተሠሩ ናቸው። በብዛት ስለታተሙ እስካሁን በርካሽ ይገኛሉ። የበርሊኑ አልበም ውስጥ አራት ወርቅ የወሰደው ጄሲ ኦውንስ አለ። ፎቶግራፎቹ ግሩም ናቸው።

ይሁን እንጂ ያ አልበም የናዚ መንግሥት ራሱን ለማሞገስ የተጠቀመበት ዘመን ሥራ መሆኑን አውቃችሁ ግዙ። ለእኛ ደግሞ ሌላም አለው። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት፣ በፈረንጁ ግንቦት ወር መጀመሪያ ነው። ኦሎምፒኩ በፈረንጁ ነሐሴ ላይ ሲከፈት ይሄ የምንሄድበት ፒያሳ በጠላት እጅ ነበር። ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ላይ የታየችው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። እኔ አልበሙን ይዣለሁ። ከ1954 ዓ.ም. ቴምብሮች ጎን ነው ያስቀመጥኩት። ሁለቱን በተከታታይ ለልጅ ስታሳዩ የምትናገሩት ነገር አታጡም።

የሻይ ካርድም አለ። ብሩክ ቦንድ የተባለው የእንግሊዝ የሻይ ኩባንያ ከ1954 እስከ 1999 በሻይ ፓኬት ውስጥ ካርድ ሲያወጣ ኖሯል። በ1979 ያወጣው የኦሎምፒክ ታላላቆች ስብስብ 40 ካርድ ነው። ከዚህ የቀለለ መጀመሪያ የለም። ከእነ አልበሙ በቀላል ዋጋ ይገኛል፤ ቀጭን ስለሆነም ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይወስድም።

ታዲያ የቱ ለማን?

ለዚያ ወጣት የመለስኩለት ይሄን ነው። ገንዘብህ ትንሽ፣ ትዕግሥትህ ብዙ ከሆነ በቴምብር ጀምር። በእግርህ ሄደህ፣ በእጅህ ይዘህ፣ በዓይንህ አይተህ የምትገዛው እሱን ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ በፎቶ አምነህ ነው የምትከፍለው። ውጭ አገር አንድ ታማኝ ዘመድ ካለህ ደግሞ የስፖርትካስተርን አትሌቲክስ ያዝ። ዶላር እዚህ ሆነህ መክፈል ስለሚያስቸግር ከፋዩም ተቀባዩም እሱ ይሁን። አንዴ በዓመት ሲመጣ ይዞልህ ይምጣ። ኳስ ከሆነ ልብህ፣ ከፓኒኒ አንድ ቡድን ምረጥ እንጂ ሙሉ አልበም አትጀምር። የሲጋራ ካርዱን ማጉያ መጠቀም እስክትለምድ አቆየው።

እሱ ስፖርትካስተርን መረጠ። አጎቱ ሚኒሶታ ናቸው። እኔ ቴምብሩን ቢመርጥ ይሻል ነበር ብዬ አሁንም አስባለሁ፤ ግን ዓይኑ አበበ ካርድ ላይ ሲያርፍ ያየ ሰው አይከለክለውም።

ካርዶቹን ጥራት ለክተው ነጥብ ሰጥተው በፕላስቲክ ለሚያሽጉ እንደ ፒኤስኤ ላሉት የአሜሪካ ድርጅቶች መላክን በተመለከተ፣ ለእነዚህ ስብስቦች አያስፈልግም። የማስለኪያውና የማመላለሻው ወጪ ከካርዱ ዋጋ ይበልጣል። አሊፋቦላጌት ቁጥር 635 ከእጃችሁ ከገባ ያኔ እንነጋገራለን።

ከገዛችሁ በኋላ

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ላሚኔት አታስደርጉ። ከተማችን ውስጥ ፎቶ ኮፒ ባለበት ሁሉ ላሚኔት አለ። የልደት ካርድም፣ ዲፕሎማም፣ መታወቂያም እናስደርጋለን። እጃችን ለምዶታል። የማውቀው አንድ አባት ለልጃቸው ብለው ያቆዩትን የድሮ የኳስ ካርድ ይበላሽብኛል ብለው ሰጥተው ላሚኔት አስደረጉት። ሙቀቱ ሙጫውን ወረቀቱ ውስጥ አስገባው። አይላቀቅም። ካርዱ አለ፤ ግን ከእንግዲህ የሚነካው ወረቀቱ ሳይሆን ፕላስቲኩ ነው። ያዘኑትን ማዘን አይቻለሁ።

ካርዶቹን በላስቲክም አትሰሩ፤ ጠርዙን ይበላዋል፤ ሲያረጅም ይጣበቅበታል። ለስላሳና ሽታ ያለው የፕላስቲክ ኪስ ካያችሁ አትግዙት፤ ቀለም ይስባል። ካጣችሁ ንጹሕ ነጭ ፖስታ ይሻላል።

ክረምቱ ዋናው ጠላት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቤቱ እርጥበት ይይዛል። ሙጫ ያለው ቴምብር እርስ በርሱ የሚጣበቀው በዚያን ጊዜ ነው። በ1930ዎቹ የወጡ ብዙ የእንግሊዝ የሲጋራ ካርዶችም ጀርባቸው ሙጫ ስላለው እንዲሁ ይሆናሉ። አልበሙን አስተኝታችሁ፣ ላዩ ላይ መጽሐፍ ጭናችሁ አታስቀምጡ። አቁሙት። ከግድግዳ አርቁት፤ በተለይ ውጪ ከሚዋሰነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ሳጥኑን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት አናፍሱት፤ ፀሐዩ ላይ ግን አታውጡት። እኔ ብርድ ልብስና አልበም የማናፍሰው በአንድ ቀን ነው።